የላስታ ውሻ ካንሰር ቢይዘው፦ ኬሞቴራፒ መቼ ይሰጥ፣ መቼስ ይቅር?

በላስታ ደጋ የሚኖር ገበሬ ውሻ የሚያሳድገው ለጌጥ አይደለም። ሌሊት ጅብ ወደ በረቱ እንዳይጠጋ፣ ቀን ዝንጀሮ ገብሱን እንዳያጠፋ፣ በግ የሚጠብቀው ልጅም በገደላገደሉ ላይ ብቻውን እንዳይሆን ነው። በላሊበላ ከተማ የሚኖረው ውሻም ቢሆን ሌሊቱን ግቢ ሲጠብቅ ያድርና ቀን እንደ ልቡ በየመንገዱ ይዘዋወራል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ይህንኑ ውለታ የሚያስታውስ ነው፤ ውሻው ለቁራሽ እንጀራ ሌሊቱን ሙሉ ዘብ ይቆማል።

እንዲህ ያለው ውሻ አንድ ቀን ደም የሚያንጠባጥብ ዕባጭ ቢያወጣና የእንስሳት ሐኪሙ «ይህ ካንሰር ነው» ቢል፣ ባለቤቱ ምን ማድረግ ይገባዋል? ሦስት መንገዶች ከፊቱ ይደቀናሉ። የመጀመሪያው ውሻውን በኬሞቴራፒ ማሳከም ነው፤ ሁለተኛው ሕመሙን እያስታገሡ ማቆየት ነው፤ ሦስተኛው ሥቃይ በሌለበት መንገድ ሕይወቱ እንዲያልፍ ማድረግ ነው። ብዙ ጊዜ ከእነዚህ ሁሉ ቀድሞ የሚመረጥ አራተኛ መንገድም አለ፤ እርሱም ውሻውን ከደጅ አባሮ መርሳት ነው። ይህ አራተኛው መንገድ ከሁሉ የከፋ የሚሆንበትን ምክንያት ወደ ታች እናያለን።

ጥያቄው የፍቅርና የገንዘብ ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ከሁለቱም በፊት የሳይንስ ጥያቄ ነው። «ካንሰር» የሚለው ስም ብቻውን ለውሳኔ አይበቃምና፤ የትኛው ካንሰር እንደሆነ፣ መድኃኒቱም በዚያ ካንሰር ላይ ምን ማድረግ እንደሚችል አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

መድኃኒቱ ምን ይሰጣል?

ኬሞቴራፒ ማለት በፍጥነት የሚባዙ ሴሎችን የሚገድል ወይም መባዛታቸውን የሚያስቆም መድኃኒት መስጠት ማለት ነው። በውሾች ላይ ለአሥርተ ዓመታት ሲሠራበት ቆይቷል። የሚያስገኘው ውጤት ግን ከካንሰር ካንሰር እጅግ ይለያያል።

ለምሳሌ ያህል በውሾች ላይ በብዛት ከሚታዩት ካንሰሮች አንዱ የሆነውን ሊምፎማ እንውሰድ። ይህ የሊምፍ ዕጢዎች ካንሰር ሳይታከም ከቀረ ውሻው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይሞታል። አራት መድኃኒቶችን በማፈራረቅ ለወራት በሚሰጠው ሕክምና ዕባጩ በአብዛኞቹ ውሾች ላይ ይጠፋል። ነገር ግን ካንሰሩ ዘወትር ለማለት ይቻላል ተመልሶ ይመጣል፤ መካከለኛው የመኖሪያ ዘመንም ወደ አንድ ዓመት ገደማ ነው። በእግር አጥንት ላይ የሚወጣው ኦስቲዮሳርኮማም እንዲሁ ነው። እግሩ ብቻ ከተቆረጠ ውሻው በአማካይ ከአራት እስከ አምስት ወር ይኖራል፤ ኬሞቴራፒ ከተጨመረበት ደግሞ ዕድሜው ወደ አሥርና አሥራ ሁለት ወር ይራዘማል።

በእነዚህ ሁለት ምሳሌዎች መድኃኒቱ የሚሰጠው ፈውስን ሳይሆን ጊዜን ነው። ዕድሜው አሥርና አሥራ ሁለት ዓመት ለሆነ እንስሳ የአንድ ዓመት ጊዜ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። ሆኖም ለዚያ ጊዜ ሲባል ተደጋጋሚ መርፌ፣ ተደጋጋሚ የደም ምርመራና ብዙ ወጪ ያስፈልጋል። ይህን ሕክምና አልፈልግም የሚል ባለቤት ጨካኝ ተብሎ ሊወቀስ አይገባም። ሕመም ማስታገሻ የሚያገኝና በሰላም የሚያርፍ ውሻ ክብሩ ተጠብቆለታል።

አንድ ካንሰር ግን ከዚህ ሥርዓት ወጣ ያለ ነው። ውሾች እንደ ልባቸው በሚዘዋወሩበትና በሚራቡበት አካባቢ የሚስፋፋውም ይኸው ነው።

ከውሻ ወደ ውሻ የሚጋባ ካንሰር

ካንሰር በተለምዶ ከበሽተኛ ወደ ጤነኛ አይጋባም። ካንሰር የሚነሣው ከበሽተኛው ከራሱ ሴል ነው፤ በሽተኛው ሲሞትም አብሮት ይሞታል። በውሾች ብልት ላይ የሚወጣው ተላላፊ ዕጢ ግን ይህን ደንብ ይጥሳል። ዕጢው በሚራቡበት ጊዜ፣ አንዳንዴም ሲላላሱና ሲሻተቱ፣ ሕያው የካንሰር ሴሎች ከአንዱ ውሻ ወደ ሌላው በመሸጋገር ይተላለፋል። የሚጋባው ቫይረስ ወይም ባክቴሪያ ሳይሆን ራሱ የካንሰሩ ሴል ነው።

ሩሲያዊው የእንስሳት ሐኪም ምስቲስላቭ ኖቪንስኪ እ.ኤ.አ. በ1876 የዚህን ዕጢ ቁራጭ ከአንድ ውሻ ወስዶ በሌላ ውሻ ላይ በማብቀል የመጀመሪያውን የተሳካ የካንሰር ንቅለ ተከላ ሠርቷል። ምስጢሩ በዘረ-መል ምርመራ የተረጋገጠው ግን ከብዙ ዘመን በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። በልዩ ልዩ አገሮች ከሚገኙ ውሾች የተወሰዱት ዕጢዎች ዘረ-መል ከተሸካሚዎቻቸው ውሾች ይልቅ እርስ በርሱ ይመሳሰል ነበር። ጤነኛ የውሻ ሴል 78 ክሮሞዞሞች ሲኖሩት የዚህ ዕጢ ሴል ከ57 እስከ 64 ብቻ አሉት።

ይህ ማለት በዓለም ያሉት የዚህ ዓይነት ዕጢዎች ሁሉ ከአንድ ጥንታዊ ውሻ የፈለቁ ናቸው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ከ43 አገሮች የተሰበሰቡ 546 ዕጢዎች ተመርምረው በወጣው ጥናት መሠረት፣ ያ ውሻ የኖረው ከ4,000 እስከ 8,500 ዓመታት በፊት በእስያ ነበር። ውሻው ከሞተ ሺህ ዓመታት አልፈዋል፤ የእርሱ ሴሎች ግን ከውሻ ወደ ውሻ እየተሸጋገሩ እስከ ዛሬ ይኖራሉ። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከዐለት ሲፈለፈሉ ይህ ካንሰር በሺህ የሚቆጠር ዕድሜ ያለው ሽማግሌ ነበር።

በተፈጥሮ እንዲህ የሚተላለፉ ካንሰሮች ጥቂት ናቸው። በአውስትራሊያ የታዝማኒያ ዴቭል የተባለው እንስሳ እ.ኤ.አ. ከ1996 ወዲህ በሚታወቅ የፊት ካንሰር እየተጠቃ ይገኛል፤ በአንዳንድ የባሕር ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረታት ላይም ተመሳሳይ ካንሰር ተገኝቷል።

ከአበባ የተገኘው መርፌ

የውሾቹ ተላላፊ ካንሰር አስገራሚ ጠባይ እዚህ ላይ አያበቃም። ከአንድ መድኃኒት ጋር ሲገናኝ እጅግ ደካማ ሆኖ ይገኛል። መድኃኒቱ ቪንክሪስቲን ይባላል፤ መገኛውም በማዳጋስካር ደሴት የምትበቅለው፣ በብዙ አገሮችም ለጌጥ የምትተከለው ቪንካ የተባለች ሮዝማ አበባ ያላት ተክል ናት። ከአንድ ቶን ደረቅ ቅጠሏ የሚገኘው ቪንክሪስቲን ጥቂት ግራም ብቻ ነው። በአሜሪካ ለሰው ሕክምና የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1963 ሲሆን እስከ ዛሬም በሕፃናት የደም ካንሰር ሕክምና ውስጥ ዋና ቦታ አለው።

አሠራሩን ለመረዳት የሴልን አከፋፈል ማስታወስ ይጠቅማል። አንድ ሴል ለሁለት ከመከፈሉ በፊት ክሮሞዞሞቹን ወደ ሁለት አቅጣጫ የሚጎትቱ ጥቃቅን ቱቦዎች እንደ ሸማኔ ድር ይዘረጋል። ቱቦዎቹ የሚሠሩት ቱቡሊን ከተባለ ፕሮቲን ነው። ቪንክሪስቲን ቱቡሊኑን ይይዝና ድሩ እንዳይዘረጋ ያደርጋል፤ ሴሉም በመከፈል ላይ እንዳለ ተገትሮ ይሞታል። በዚህ ካንሰር ላይ ደግሞ ሌላ ረዳት አለ። ዕጢው በተሸካሚው የበሽታ መከላከያ ሥርዓት እንዳይታወቅ ራሱን ሸሽጎ የሚኖር ሲሆን፣ መድኃኒቱ ሴሎቹን መግደል ሲጀምር የውሻው መከላከያ ሴሎች ይነቁና ወደ ዕጢው ይጎርፋሉ። ከመድኃኒቱ ጋር ተባብረው ያጠፉታል።

ሕክምናው በሳምንት አንድ ጊዜ በደም ሥር የሚሰጥ መርፌ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይበቃል። ከመቶ ውሾች ውስጥ ከዘጠና የማያንሱት ሙሉ በሙሉ ይድናሉ። ዕጢው ትልቅ በሆነ ቁጥር፣ ውሻውም ባረጀ ቁጥር ተጨማሪ መርፌ ሊያስፈልግ ይችላል። ዕጢውን በቀዶ ሕክምና ብቻ ማውጣት ግን ብዙ ጊዜ አያዋጣም፤ የቀሩት ሴሎች ተመልሰው ያድጋሉና።

መጠኑ የሚሰላው በክብደት ሳይሆን በሰውነት ገጽ ስፋት ነው፤ በአንድ ካሬ ሜትር ከ0.5 እስከ 0.7 ሚሊግራም። የሒሳብ ተማሪዎች ስሌቱን ሊሞክሩት ይችላሉ። የውሻውን ክብደት በኪሎግራም ወስደን በራሱ እናባዛውና የውጤቱን ኩብ ሥር አውጥተን በ0.101 እናባዛለን። 15 ኪሎ የሚመዝን የገጠር ውሻ 0.61 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ይኖረዋል፤ ስለዚህ የአንድ ጊዜ መርፌው ከ0.31 እስከ 0.43 ሚሊግራም ነው። ክብደቱ እጥፍ፣ ማለትም 30 ኪሎ ቢሆን፣ ስፋቱ 0.98 ካሬ ሜትር ገደማ እንጂ 1.22 አይሆንም። ይህን የማያውቅ ሰው ክብደቱ እጥፍ ለሆነ ውሻ መድኃኒቱንም እጥፍ አድርጎ ከልክ በላይ ሊሰጠው ይችላል።

በነገራችን ላይ ይህ መጠን ለሰው ከሚሰጠው ከግማሽ አይበልጥም። በሰው ሕክምና ዕድሜን ለማትረፍ ሲባል ከባድ ሥቃይ ይታለፋል። ውሻ ግን የዛሬውን ሥቃይ ለነገው ተስፋ ሲል የሚታገሥበት ማስተዋል የለውም፤ ስለዚህ የእንስሳት ሐኪሞች መጠኑን ዝቅ አድርገው የዕለት ኑሮውን ይጠብቁለታል። ብዙዎቹ ውሾች ፀጉራቸው አይረግፍም። አንዳንዶች ያስመልሳቸዋል፣ ምግብ ይጠላሉ፣ ሆድ ድርቀት ይይዛቸዋል፤ ነጭ የደም ሴሎቻቸውም ሊያንሱ ይችላሉ።

መርፌው ከመወጋቱ በፊት

መድኃኒቱ ጠንካራ ስለሆነ ያለ ምርመራ ሊሰጥ አይገባም። ከብልት የሚፈስ ደም ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ ሴት ውሻ ኮርማ በምትፈልግበት ወቅት ትደማለች፣ የሽንት ቧንቧ ሕመምም ያደማል። ዕጢው በአፍንጫ ውስጥ ሲወጣ ደግሞ ነስር ያመጣል። በደጋ ከምንጭና ከኩሬ የሚጠጣ ውሻ ሲነስረው ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው አልቅት ነው። አልቅት ለያዘው ውሻ ካንሰር ነው ብሎ መፍረድ ከባድ ስህተት ይሆናል።

መልካሙ ነገር ምርመራው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ከዕባጩ ላይ በስላይድ መስተዋት ጥቂት ሴል ይነካና በጊምሳ ቀለም ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። የዚህ ካንሰር ሴሎች ክብ ክብ ሆነው በፈዛዛው ክፍላቸው ውስጥ በተርታ የተደረደሩ ጥርት ያሉ ባዶ አረፋዎች ይታዩባቸዋል። ለወባ ምርመራ የሚያገለግለው ማይክሮስኮፕ ለዚህም ይበቃል።

ሦስት ጥንቃቄዎች ደግሞ ሊዘነጉ አይገባም። አንደኛ፣ ቪንክሪስቲን ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋውን ያበሰብሳል፤ ስለዚህ የሠለጠነ እጅ ያስፈልገዋል። ሁለተኛ፣ ከሚቀጥለው መርፌ በፊት የነጭ የደም ሴሎች ቁጥር ሊታይ ይገባል፤ ካነሰ መርፌው ይዘገያል። ሦስተኛ፣ የመድኃኒቱ ቅሪት በሽንትና በዓይነ ምድር ስለሚወጣ፣ ከመርፌው በኋላ ባሉት ቀናት እርጉዝ ሴትና ሕፃናት ቆሻሻውን መንካት የለባቸውም፤ የሚያነሣው ሰውም ጓንት ያድርግ። ያረገዘች ውሻም ይህን መድኃኒት መውሰድ የለባትም።

የውሳኔው ሚዛን

ከዚህ በኋላ ባለቤቱ ራሱን የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አሉ። መድኃኒቱ የሚሰጠው ፈውስ ነው ወይስ ጊዜ? ውሻው መርፌውን የሚቋቋም ጤንነት አለው? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ የጀመርኩትን መጨረስ እችላለሁ?

የመጨረሻው ጥያቄ ለላስታ ገበሬ ከባዱ ነው። አምስት መርፌ ማለት አምስት ሳምንት ማለት ነው፤ አምስት ጊዜ ውሻውን በገመድ ይዞ ከቀበሌው ወደ ወረዳ ከተማ መውረድ፣ ምናልባትም አጨዳ በሚደርስበት ሰሞን የሥራ ቀን ማጣት ማለት ነው። የእንስሳት ሕክምና ትምህርት የሚሰጡት የወሎ፣ የጎንደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች የሚገኙት በደሴ፣ በጎንደርና በቢሾፍቱ ነው። ከላሊበላ ደሴ ለመድረስ በጋሸናና በወልድያ አድርጎ ሙሉ ቀን መጓዝ ያስፈልጋል። የወረዳ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ዋና ሥራም በሬና በግ እንጂ ውሻ አይደለም።

ሁለት መርፌ አስወግቶ ማቆም ግን ካለመጀመር ሊብስ ይችላል። ዕጢው ስላነሰ የዳነ ይመስላል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመልሶ ያድጋል፤ የተረፉት ሴሎች ደግሞ መድኃኒቱን የሚቋቋሙት ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ አምስቱንም ሳምንት ለመመላለስ ያልቆረጠ ሰው አለመጀመሩ ጥበብ እንጂ ንፉግነት አይደለም። መጨረስ የሚችል ግን ይህን ልዩ ካንሰር ማሳከሙ ከንቱ ልፋት አይሆንበትም፤ ውሻው ድኖ ወደ ደጁ ይመለሳል።

ሌላም አስቸጋሪ ነጥብ አለ። ቪንክሪስቲን በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የሚገኝ የሰው መድኃኒት ነው። በደም ካንሰር የሚሠቃይ ሕፃን ተራ ከሚጠብቅበት ክምችት ለውሻ መስጠትን ማንም ጤነኛ ኅሊና አይቀበለውም። ለእንስሳት የሚውለው በራሱ መንገድ መገዛት አለበት፤ ለሕፃናት በሚያጥርበት ጊዜም ውሻው ይጠብቅ። አብዛኛውን ጊዜ ዕጢው ቀስ ብሎ የሚያድግና ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል እምብዛም የማይዛመት በመሆኑ ጥቂት ሳምንት መጠበቅ ይቻላል።

ከአንድ ውሻ ወደ ብዙዎች

እዚህ ላይ መጀመሪያ ወዳነሣነው አራተኛ መንገድ እንመለስ። የታመመውን ውሻ ያባረረ ሰው ችግሩን ከደጁ አራቀ እንጂ አላስወገደውም። ተላላፊ ካንሰር የያዘው ውሻ በየሰፈሩ ሲዘዋወር በሽታውን ወደ ሌሎች ውሾች ያዳርሳል። ስለዚህ ለማሳከም አቅም ያጣ ሰው እንኳ ቢያንስ ውሻውን አስሮ ከመራባት ሊያግደው፣ ወይም ሥቃይ በሌለበት መንገድ እንዲያልፍ ሊያደርገው ይገባል።

የወረዳ ጤና በጀት የሚመድብ ሰው ደግሞ ሚዛኑን በሌላ መልክ ይይዛል። ያለው ገንዘብ ጥቂት ከሆነ በቅድሚያ የሚገባው ለኬሞቴራፒ ሳይሆን ለክትባት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ግምት የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎችን እንደሚገድል ያመለክታል፤ ኢትዮጵያም ክፉኛ ከተጠቁት አገሮች አንዷ ናት። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ሰባ ከመቶ ያህሉ ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል።

በላስታ ይህ ክትባት ሌላ ባለቤትም አለው። ከላሊበላ በላይ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በሚታየው በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ይኖራል። በመላ ኢትዮጵያ ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ናቸው፤ የአቡነ ዮሴፎቹም ከዚሁ ጥቂት ቁጥር አነስተኛው ክፍል ናቸው። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ2003 የእብድ ውሻ በሽታ፣ በ2010 ደግሞ ዲስተምፐር የተባለው የውሾች በሽታ በርካታ ቀይ ቀበሮዎችን ጨርሷል፤ በሽታዎቹም ከውሾች ጋር የተያያዙ ነበሩ። ጥቂት ደርዘን እንስሳ በሚኖርበት ተራራ ላይ እንዲህ ያለ ወረርሽኝ አንድ ጊዜ ቢነሣ የሚተርፍ ላይኖር ይችላል።

ውሾችን ማኮላሸትም በዚሁ ረድፍ የሚታሰብ ነው። የማይራባ ውሻ ተላላፊውን ካንሰር የሚይዝበትም የሚያስተላልፍበትም ዕድል እጅግ ይቀንሳል፤ በየመንገዱ ባለቤት አልባ ሆነው የሚያድጉ ቡችላዎች ቁጥርም ይወርዳል። አንድን ውሻ በኬሞቴራፒ ማዳንና በሽታው ወደ መቶዎች እንዳይደርስ መከላከል እንግዲህ የሚቃረኑ ሐሳቦች አይደሉም። የመጀመሪያው የባለቤቱ፣ ሁለተኛው የማኅበረሰቡ ድርሻ ነው። የታከመው ውሻ ሳይኮላሽ ወደ መንገዱ ከተመለሰ ግን በዚያው ካንሰር እንደገና ሊያዝ ይችላል።

ውድ አንባቢ፣ ወደፊት የእንስሳት ሐኪም፣ የባዮሎጂ መምህር ወይም የወረዳ ባለሙያ ብትሆኑ አንድ ገበሬ ውሻውን በገመድ ስቦ ይመጣና «ይድናል ወይስ አይድንም?» ብሎ ይጠይቃችኋል። ከምትመልሱለት በፊት ስላይድና ማይክሮስኮፕ አንሡ። ያያችሁትን ስም፣ የሚያስፈልገውን የሳምንት ብዛትና ወጪውን በግልጽ ንገሩት፤ ከዚያም እርሱ ራሱ እንዲወስን ጊዜ ስጡት። ገብሱ ያለበትን ሁኔታ፣ የመንገዱን ርዝመትና የውሻውን ውለታ ከእናንተ ይልቅ እርሱ ያውቃልና።